የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት የገባ ሁሉ ያውቃታል። በሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች፣ ከላይ ወረቀት ማስገቢያ ስንጥቅ ያላት፣ በትንሽ ቁልፍ የተቆለፈች ሳጥን። «የሀሳብ መስጫ» ተብሎ ተጽፎባታል። አብዛኞቻችን አልፈናት እንሄዳለን። ጽፎ የከተተም ካለ፣ ማን እንዳነበበለት አያውቅም።

ይህችው ሳጥን ስደተኛ ካምፕ ውስጥም አለች። እህል የሚታደልበት ቦታ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ትገኛለች። ልዩነቱ እኛ ቅር ሲለን ሌላ ቢሮ መሄድ እንችላለን። ዘመድ ጋ እንደውላለን፣ ካልሆነም ፌስቡክ ላይ እንጽፋለን። ካምፕ ውስጥ ያለች እናት ግን እህሉንም፣ ውኃውንም፣ ሕክምናውንም፣ የልጆቿን ትምህርትም የምታገኘው ከእነዚያው ጥቂት ድርጅቶች ነው። ቅሬታዋን የምትጽፈውም በሚያበላት ላይ ነው። ስለዚህ በካምፕ ውስጥ ስለ ሰብዓዊ መብት ሥራ ሲነገረኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማስታወሻ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአዋጅ ቁጥሮቹ ግን እንደተለመደው በእኛው ነው።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠልላለች። ጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ሰዎች አሉ። ጅግጅጋ ዙሪያና ዶሎ አዶ ሶማሌዎች፣ ቤኒሻንጉልና መተማ በኩል ሱዳናውያን፣ ዳባት አካባቢና አዲስ አበባ ደግሞ ኤርትራውያን ይኖራሉ። እኛ ራሳችንም የካምፕን ኑሮ ቀምሰነዋል። በ1980ዎቹ ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ ካምፕ የከረሙ አሉ። ደርግ ሲወድቅ ሞያሌን አልፈው ኬንያ ውስጥ ዋልዳ ካምፕ የገቡ፣ ከዚያ ወደ ካኩማ የተዛወሩ አሉ። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ልጅ ያሳደጉ ብዙ ወገኖች «ኬዝ»፣ «ፕሮሰስ»፣ «ራሽን» የሚሉትን ቃላት ያወቁት እዚያ ነው። ኡም ራኩባም በ2020 መጨረሻ እንደገና ተከፍታ ከትግራይ የሸሹትን ተቀብላለች።

ሁለት ኪሎ ሲጎድል

አንዲት እናት አስቡ። ስድስት ቤተሰብ አላት። ከጎህ ጀምራ ተሰልፋለች። ተራዋ ሲደርስ ጣቷን በመሣሪያው ላይ አስነካች፣ ካርዷን አሳየች፣ እህሏን በማዳበሪያ ተቀበለች። ቤቷ ስትደርስ ግን ክብደቱ ደስ አላላትም። ጎረቤቷ ጋ ባለ ሚዛን ስታስመዝነው ሁለት ኪሎ ጎድሏል።

አሁን ምን ታደርጋለች? የተሰጣት እህል ምጽዋት ነው ብላ ካመነች፣ «ተመስገን፣ ይሄንንም ማን ይሰጣል» ትላለች። ያደግንበት ባህልም ይህንን ይመክራታል። አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል እንላለን። እህሉ መብቷ እንደሆነ ካወቀች ግን ተመልሳ ሄዳ «ጎድሎብኛል» ትላለች። ያኔ ደግሞ አንድ ሰው የመመዘን፣ የመመለስና ለምን እንደጎደለ የማስረዳት ግዴታ ይኖርበታል። ሰብዓዊ መብት ካምፕ ውስጥ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። «ጎድሎብኛል» ስትል ሰምቶ የሚመልስላት ሰው ሲኖር።

በየዓመቱ ሰኔ መካከል ላይ የዓለም የስደተኞች ቀን ይከበራል። ኅዳር ላይ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝባቸው ቀናት አሉ። ቲሸርት ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሥልጠና ይሰጣል። ይህን አላጣጥለውም። መብቱን ያላወቀ ሰው አይጠይቅም። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የነበረች ልጅ በእንዲህ ያለ ሥልጠና ሰምታ ራሷን ልታድን ትችላለች። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሥራው እዚያው ማለቁ ነው። ስንት ሰው ሠለጠነ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ስንት ሰው ጠይቆ መልስ አገኘ የሚለው ቁጥር ግን እምብዛም አይታይም።

ወረቀት ላይ ያለው

ሕጉን ካየን ኢትዮጵያ መጥፎ አይደለችም። በ1951 የወጣውን ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት በ1969 ተቀብላለች። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የስደተኞች ስምምነት ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። ያኔ ግን አገራችን ከ1951ዱ ስምምነት አንዳንድ አንቀጾችን፣ ለምሳሌ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን የሚመለከተውን፣ እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልቀበልም ብላ ነበር።

ብዙ ነገር የተቀየረው በ2016 ኒው ዮርክ ላይ መንግሥት ዘጠኝ ቃል ኪዳኖችን ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መጣ። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 409/1996 ብዙውን ስደተኛ በካምፕ ያስቀመጠ ነበር። አዲሱ የመሥራት መብትን፣ የመንቀሳቀስ መብትን፣ የባንክ ሒሳብ መክፈትን፣ ትምህርትን በግልጽ አስቀመጠ። አፍሪካ ውስጥ ካሉት ለስደተኛ ለጋስ ሕጎች አንዱ ተብሎ ተወድሷል። ሆኖም የመንቀሳቀስ መብቱን የሚሰጠው አንቀጽ፣ ስደተኞች የሚኖሩበትን ቦታ መንግሥት ሊወስን እንደሚችልም አብሮ ይናገራል። በተግባር አብዛኛው ስደተኛ እስከ ዛሬ ካምፕ ውስጥ ነው።

ሌላ ብዙም የማይወራለት ሕግም አለ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 የሚባለውን የበጎ አድራጎትና ማኅበራት ሕግ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ የሚከለክል ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል ብዙ ድርጅቶች «መብት» የሚለውን ቃል ከፕሮጀክት ሰነዳቸው አወጡት። «ግንዛቤ»፣ «አገልግሎት»፣ «ድጋፍ» እያሉ ሠሩ። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። ከስደተኞች አዋጁ ጋር በአንድ ዓመት፣ በሦስት ቁጥር ልዩነት ነው የወጡት። አፍ ግን የለመደውን ቶሎ አይተውም። አሥር ዓመት ሙሉ «ድጋፍ» ሲል የኖረ ሠራተኛ አንድ ቀን ተነስቶ «መብትሽ ነው» ለማለት ጊዜ ይፈልጋል።

በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት

በእኔ እይታ በካምፖቻችን ከተሠሩት የመብት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የልደት ምስክር ወረቀት ነው።

ቀላል ነገር ትመስላለች። አንድ ወረቀት፣ አንድ ማኅተም። የሌለው ሰው ግን ችግሩን ያውቀዋል። ካምፕ ውስጥ የተወለደ ልጅ ሲወለድ የሚጻፈው ራሽን ካርድ ላይ ነው። ቤተሰቡ አንድ አፍ ጨምሯል ማለት ነው። ያ ግን የት እንደተወለደ፣ እናትና አባቱ እነማን እንደሆኑ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ በመንግሥት ፊት አያረጋግጥለትም። ዕድሜዋ ያልተመዘገበ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሊድሯት ሲነሱ፣ ልጅ መሆኗን በምን ታስረዳለች? ከቤተሰቡ የተለየ ሕፃን የእናቱ ልጅ መሆኑን በምን ያሳያል? አገሩ ሰላም ሆኖ ሲመለስስ የዚያ አገር ሰው መሆኑን ማን ያምንለታል?

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መጀመሪያ ሲወጣ ስደተኞችን አላካተተም ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ተሻሻለና በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ምዝገባው በካምፖች ተጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ያኔ እንደገለጸው፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ሳይመዘገቡ የቆዩ ከ70 ሺህ በላይ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። 70 ሺህ ልጅ! አንድ ከተማ የሚሞላ ሕዝብ ነው።

ይህ የተገኘው በአንድ ዘመቻ አይደለም። ኮሚሽኑ ለዓመታት ወተወተ። መንግሥት ሕጉን አሻሻለ። የካምፕ ሠራተኞች መዝገብ መያዝ ተማሩ። ዝናብና እሳት የማያጣው ቤት ውስጥ ያች ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልላ ሻንጣ ሥር ትቀመጣለች። ራሽን ካርዱና እሷ አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት። ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የሚወጣው ያ ላስቲክ ነው።

እንጨት ለቀማ

ዳዳብ ኬንያ ውስጥ በ1991 የተከፈተ የካምፖች ስብስብ ነው። በ1990ዎቹ እዚያ የነበሩ ሶማሌ ሴቶች ማገዶ ፍለጋ ጫካ ሲወጡ በሽፍቶች ይደፈሩ ነበር። ጉዳዩን ዓለም ሰማው። በ1998 ማገዶ ለስደተኞቹ የሚያከፋፍል ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሴቷ ጫካ ካልሄደች አትደፈርም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲገመገም የተገኘው ግን ልብ ይነካል። ማገዶ በበቂ በታደለባቸው ጊዜያት እንጨት ለቀማ ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ቀንሷል። በሌሎች ቦታዎች የሚፈጸመው ግን ጨምሯል። አጥቂው ቦታ ቀየረ እንጂ አልተያዘም። ጠያቂ አልነበረበትማ። ማገዶው ያስፈልግ ነበር፣ ግን ብቻውን አልበቃም። ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ሴቷን የሚያምን ሰው አብረው መምጣት ነበረባቸው። ኋላ ላይ ዳዳብና ካኩማ ተዘዋዋሪ ፍርድ ቤት ዳኞች እየሄዱ ማስቻላቸው ከዚህ ትምህርት ጋር የሚሄድ ነው። የተደፈረችን ሴት በአቧራ መንገድ ረጅም ርቀት ተጉዘሽ ክሰሽ ማለት አትክሰሺ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ቀብሪበያህ አለች። ከጅግጅጋ ብዙም አትርቅም። ካምፑ ከ1991 ጀምሮ አለ። ጋያ የሚባል አገር በቀል ማኅበር ለስደተኞቹ በኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ይዞ ገባ። ኤታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ነው። ምድጃው ጭስ የለውም፣ ጥላሸት የለውም። በ2008 ለዚህ ሥራው አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

እስቲ ይህንን ምድጃ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በአንድ በኩል የወጥ ቤት ዕቃ ነው። በሌላ በኩል ሴቲቱን ከጫካው አወጣት። ልጇን ከጭሱ አዳነው። የአካባቢው ነዋሪ በተራቆተው መሬቱ ከስደተኛው ጋር የሚጣላበትን አንድ ምክንያት ቀነሰለት። ማንም «ዛሬ ስለ ሰብዓዊ መብት እንማራለን» አላላትም። ግን ደኅንነቷ፣ ጤናዋና ጊዜዋ ተመለሱላት። እንዲህ ያለው ሥራ ከአሥር ወርክሾፕ ይበልጥብኛል። ድክመትም ነበረበት። ኢትዮጵያ ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር ማቀላቀል ስትጀምር ለነዳጁ ተፎካካሪ መጣበት። መብትሽ በሌላ ሰው አቅርቦት ላይ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው። ኤታኖል ሲጠፋ ጫካው እዚያው ይጠብቃታል።

የመቀርቀሪያ ነገር

ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች ስፊር የሚባል መለኪያ አላቸው። በ1997 ነው የተጀመረው። የሩዋንዳ ስደተኞች የዛሬዋ ኮንጎ ውስጥ ጎማ በምትባል ከተማ በኮሌራ ሲረግፉ ካዩ በኋላ «እርዳታ ዝቅተኛ ደረጃ ይኑረው» ተባብለው ያወጡት ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ። ከቤት እስከ ውኃ ቦኖ ከ500 ሜትር ያልበለጠ። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ። ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ሌሊት መብራት ያለው።

ከውስጥ የሚቆለፍ የሚለውን አትለፉት። መቀርቀሪያ የሌለው ሽንት ቤት ለወንድ ችግር ላይመስል ይችላል። ለአንዲት ልጃገረድ ግን ከመሸ ውኃ አለመጠጣት ማለት ነው። ሌሊት እንዳትወጣ። የወር አበባዋ ሲመጣ ትምህርት ቤት መቅረት ማለት ነው። መቀርቀሪያው ጥቂት ብር ነው የሚያወጣው። ሳይገጠም የቀረው ገንዘብ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። ሽንት ቤቱን ሲሠሩ ሴቶቹን የጠየቀ ስላልነበረ ነው። ለዚህ ነው በየካምፑ ያለው የስደተኞች ኮሚቴ፣ አር ሲ ሲ የሚሉት፣ ውስጡ ስንት ሴት አለ የሚለው ጥያቄ ቀላል የማይሆነው። ኮሚቴው የሽማግሌዎች ብቻ ከሆነ መቀርቀሪያ አጀንዳ አይሆንም።

ስለ ኮሚቴ ካነሳሁ፣ ካምፕ ውስጥ የሚሠሩ ስደተኞችንም ላንሳ። ጤና አስተማሪ፣ ረዳት መምህር፣ አስተርጓሚ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። የሚከፈላቸው ደመወዝ አይባልም፣ «ኢንሴንቲቭ» ነው። እዚያው አጠገባቸው አንድ ሥራ ከሚሠራው ባለ ደመወዝ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። መሥራት መብትህ ነው የሚለውን ሥልጠና ለሕዝቡ የሚተረጉመው እሱው ነው።

ሳጥኗን የሚፈራ ሕዝብ

ወደ ሳጥኗ ልመለስ።

በ2002 መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ ኮሚሽኑና የእንግሊዙ ሴቭ ዘ ችልድረን ከጊኒ፣ ከላይቤሪያና ከሴራሊዮን ካምፖች ያመጡት ሪፖርት ዓለምን አስደነገጠ። ሕፃናት ሴቶች ለእርዳታ እህል በአካላቸው ይከፍሉ ነበር። ክስ ከቀረበባቸው መካከል የእርዳታ ሠራተኞች ነበሩ። የ40 ድርጅቶች ስም ተነስቷል። በኋላ የተካሄደው የመንግሥታቱ ድርጅት ምርመራ አብዛኛውን ክስ በማስረጃ ማረጋገጥ ባይችልም ችግሩ እውነተኛ መሆኑን ተቀብሏል። በ2003 የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ መመሪያ አወጡ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር ግንኙነት ፈጽሞ ክልክል ሆነ። በገንዘብ፣ በሥራ ወይም በእርዳታ ምትክ ወሲብ መጠየቅም እንዲሁ። ያየ ሠራተኛ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ሌላም አለ፣ ለአበሻ ቅርብ የሆነ። በዚያው ዘመን ናይሮቢ ውስጥ ስደተኞችን ለቋሚ ኑሮ ወደ ሦስተኛ አገር ለመላክ ጉቦ የሚቀበል መረብ ተገኘ። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅ ነበር። የኮሚሽኑ ሠራተኞች ጭምር እንዳሉበት የመንግሥታቱ ድርጅት የራሱ ምርመራ አረጋገጠ። ዛሬ በየቢሮው በር ላይ «አገልግሎቱ ነፃ ነው» የሚል ማስታወቂያ የሚለጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ካኩማ የኖረ ሰው ይህን ጽሑፍ ካነበበ የማወራውን ያውቀዋል። ብዙዎች ለማን አቤት ይበሉ ነበር? የሚያመለክቱበት ቢሮ ጉቦ የሚጠይቃቸው ቢሮ ነበር። ኬዜን ይዘጉብኛል ብሎ የፈራ ሰው ዝም ይላል።

ከ2014 ጀምሮ የእርዳታ ድርጅቶች የሚገዙበት ሌላ የጋራ ደረጃ አለ። እሱም የራሱ ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች አሉት፣ አንዱ ስለ ቅሬታ ነው። ቅሬታ ይቀበላሉ፣ መልስ ይሰጣሉ ይላል። ስለዚህ ሳጥኗ ተሰቀለች፣ ነፃ የስልክ መስመር ተዘረጋ፣ የቅሬታ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ጥሩ ነው። ግን ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት ሳጥኗ ውስጥ ምን ትከታለች? ሳጥኗ መጋዘኑ በር ላይ፣ ጥበቃው እያየ ከሆነች ማን ይጠጋታል? ቁልፉ ያለው የመጋዘኑ ኃላፊ ጋ ከሆነስ?

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ቁልፉ እህል የማይሰጥ ሰው እጅ ይሁን። ሳጥኗ ሴቶች ያለ ጥርጣሬ የሚሰበሰቡበት ቦታ ትሁን። በኑዌርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ በትግርኛ በቃል የሚቀበል ሰው ይኑር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ካምፖችን እየጎበኘ ክትትል ያደርጋል። ይህ ጉብኝት ሳይታወጅና ቶሎ ቶሎ ቢሆን፣ ሪፖርቱም ለስደተኛው በቋንቋው ተመልሶ ቢነበብለት ብዙ ነገር ይለወጣል።

ኬንያ ላይ የሆነውን ልጨምር። መንግሥት በ2012 መጨረሻ በከተማ ያሉ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካምፕ ይግቡ አለ። በ2016 ደግሞ ዳዳብን እዘጋለሁ አለ። ሁለቱንም ትእዛዞች የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሻራቸው፣ የመጀመሪያውን በ2013፣ ሁለተኛውን በ2017። ፍርድ ቤት የሄዱት ግን እህል የሚያድሉት ትልልቅ ድርጅቶች አልነበሩም። ኪቱኦ ቻ ሼሪያ የተባለ የአገሬው የሕግ ድጋፍ ድርጅት ነው በሁለቱም ጉዳይ የተሟገተው፣ በሁለተኛው ደግሞ ከአገሪቱ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጋር። ትልልቆቹ በመንግሥት ፈቃድ ነው የሚሠሩት። መንግሥትን ከከሰሱ በማግስቱ ካምፕ መግባት ይቸግራቸዋል። ይህንን ሳውቅ አልፈርድባቸውም። እህል ይዞ መግባትም ሕይወት ነው። ለዚህ ነው እህል የሚሰጠውና ጠበቃ የሚቆመው አንድ ሰው መሆን የለበትም የምለው። ለእኛም የሚጎድለን ይኸው ሁለተኛው ነው። በካምፕ ጉዳይ መንግሥትን ፍርድ ቤት ያቆመ የአገር ውስጥ ድርጅት ለመጥቀስ እቸገራለሁ።

ወረቀት ጥይት አያቆምም

የድርጅቶች አቅም የት ላይ እንደሚያበቃ ደግሞ በራሳችን አገር አይተናል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትግራይ ውስጥ ሕጻጽና ሽመልባ ካምፖች የነበሩ ኤርትራውያን ካምፓቸው ወደመ። ተገደሉ፣ ታፈኑ፣ ተበተኑ። ድርጅቶቹ ለወራት መግባት አልቻሉም ነበር። በ2024 ግንቦት ላይ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ኩመርና አውላላ ካምፖች የነበሩ ሱዳናውያን ዘረፋና ጥቃት ሲደጋገምባቸው ካምፑን ጥለው ወጡ። ከሺህ በላይ ሰው ሕፃናትን ይዞ መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰነበተ። ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ «አንኖርም» ብሎ መቀመጡ ራሱ ቅሬታ ማቅረብ ነበር። ሳጥን ስላጡ በእግራቸው ጻፉት።

ስደተኛን የመጠበቅ የመጀመሪያ ግዴታ የመንግሥት ነው። የትኛውም ድርጅት ጠመንጃ የያዘን ሰው ማስቆም አይችልም። የሚችለው መናገር ነው። መናገር ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በ1994 መጨረሻ ጎማ ላይ የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካምፑን ጥሎ ወጥቷል። ምክንያቱም ካምፑን የሚመሩት የሩዋንዳውን የዘር ማጥፋት የፈጸሙት ሰዎች ነበሩ። እህሉንም እነሱ ነበሩ የሚቆጣጠሩት። ሌሎች ድርጅቶች በሽተኛውን ጥለን አንሄድም ብለው ቆዩ። ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔም ቢሆን በየትኛው ቦታ እቆም እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ገንዘቡ ሲቀንስ

በ2023 የእርዳታ እህል እየተዘረፈ ነው ተባለ። በሰኔ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ እህል ማደል አቆሙ። ስደተኞችም ተካተቱ። ለስደተኞች የተመለሰው በጥቅምት ነው። ይህ ነገር የነካው ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ስደተኛ ነው። ሌብነቱ መጣራት ነበረበት፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ነገር ግን እህሉን ያልሰረቀችው እናት ናት የተራበችው። ማንም አስቀድሞ አልጠየቃትም። መቼ እንደሚመለስ የነገራትም የለም። «ጎድሎብኛል» የምትል ሴት እህሉ ጨርሶ ሲቀርባት ደግሞ «አልተሰጠኝም» የምትልበት በር ሊኖራት ይገባ ነበር።

በ2025 ጥቅምት ላይ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ራሽኑን ለ780 ሺህ ስደተኞች ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ቀነሰ። በቀን ከአንድ ሺህ ካሎሪ በታች ማለት ነው። መደበኛው 2,100 ነው። ምክንያቱ የለጋሾች ገንዘብ ማነሱ ነው። በዚያው ዓመት ከፍተኛ ኮሚሽኑም በዓለም ዙሪያ 3,500 ያህል የሥራ መደቦችን እንደሚያጥፍ አስታውቋል።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በጀት ሲቆረጥ እህል የሚያመላልሰው መኪና ወዲያው አይቀርም። መጀመሪያ የሚቆረጠው ቅሬታ የሚሰማው ሰው ነው። የሕግ ባለሙያው፣ የሴቶች ማዕከል ሠራተኛዋ፣ ነፃ ስልኩን የምታነሳው ልጅ። ለጋሽ ፊት የሚታይ ነገር ስላልሆኑ። ራሽኑ እንዲህ በወረደበት ጊዜ ደግሞ ልጅ ለመዳር የሚገፋፋው፣ በእህል ምትክ አካል የሚጠየቀው፣ ቤት ውስጥ የሚመታው ይበዛል። ሰሚ የሚያስፈልገው በዚያን ጊዜ ነው።

የሚጠቅመን አንድ አዲስ ነገር አለ። ስደተኞች በፋይዳ መታወቂያ እየተመዘገቡ ነው። ከዚህ በፊት ብዙ ስደተኛ ሲም ካርድ የሚያወጣው በሌላ ሰው ስም ነበር። ገንዘቡንም በሌላ ሰው ሒሳብ ነበር የሚያስቀምጠው። አሁን ቁጥሩ የራሱ መሆን ጀምሯል። ያቺ ሁለት ኪሎ የጎደለባት እናት በራሷ ስም በወጣ ስልክ ነፃ መስመሩ ላይ ልትደውል ትችላለች። ስትደውል በወዲያኛው ጫፍ የሚያነሳላት ሰው ይኑር አይኑር፣ ዘንድሮ በጀት የሚያጸድቁት ለጋሾችና ድርጅቶች ናቸው የሚወስኑት።